የሾዴ ድንጋይ

እትዬ ሾዴ ሁልጊዜ መጨረሻ ነበረች። ከዚያ ዓመት ታሪክ በእርግጠኝነት የምናገረው ይህን ብቻ ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁና። የቀረውን ግን ባሰብኩት ቁጥር ሌላ መልክ ይይዝብኛል።

ዘመኑ 1972 ነው፤ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። የሰፈራችን የኅብረት ሱቅ ወደ ጳውሎስ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከባለቤቱ በተወረሰ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። ቅዳሜ የስኳር ቀን ነው። ሱቁ የሚከፈተው ግን የቀበሌው ስብሰባ ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ ሰው በማለዳ ተራውን በድንጋይ ይይዝና ወደ አዳራሹ ይሄዳል። ድንጋይ ስል ሁሉም ድንጋይ አልነበረም። አቶ መሸሻ ቀይ ጡብ ነበራቸው፤ ሁልጊዜም አንደኛ ነው። የእትዬ ሳቢት ቂጡ የወለቀ ጀበና ነው። የእኛ የተሰነጠቀ የሙቀጫ ግማሽ። ከሱቁ መስኮት ጀምሮ እስከ ቦዩ ድረስ አርባ የሚሆን ዕቃ ተሰልፎ ፀሐይ ይሞቃል።

"ድንጋዩ ከሰው ይሻላል፣ ቢያንስ አያጨበጭብም" ይሉ ነበር አቶ መሸሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

በሰልፍ ላይ ያለ ድንጋይ ሰው ነው። አይነካም። ሌላ ጊዜ እርስ በርስ የማይነጋገሩ ሰዎች እንኳን አንዱ የሌላውን ድንጋይ አያንቀሳቅሱም ነበር።

የመጨረሻው ድንጋይ ጠፍጣፋና ግራጫ ነው፤ ልብስ የሚታጠብበት ዓይነት። የእትዬ ሾዴ ነበር። እትዬ ሾዴ ከእንጦጦ ጀርባ የመጣች ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ በእትዬ ሳቢት ግቢ፣ ከአጥሩ ጋር በተጠጋች ጎጆ ትኖራለች። የገበያ ቀን ሲሆን ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ሸጎሌ የከብት ተራ ትወርድና ለነጋዴዎች ሻይ ትሸጣለች። ማንም ሰው ድንጋዩን ሳያስቀምጥ እሷ አታስቀምጥም። ከቦዩ አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ ጎንበስ ብላ የእሷን ጫፍ ላይ ታኖራለች።

ሰልፉ ተራ በተራ ወደ መስኮቱ ይቀርባል። ባለሱቁ ጋሼ መዝገቡ ከእንጨት ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ይመዝናል። የራሽን ካርድ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ስኳር ይሰጣል። እትዬ ሾዴ ስትደርስ ግን ስኳር የለም። ጋሼ መዝገቡ በሩን ከፍቶ ይወጣና ባዶ ጆንያ ይወረውርላታል። እሷ ደግሞ በሁለት እጇ ትቀልበዋለች፤ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ትሄዳለች።

የሰፈሩ ወንዶች ልጆች ዘፈን አውጥተውላት ነበር።

"ስኳር ለቤት፣ ጆንያ ለሾዴ!"

አንድ ቀን እማዬን ጠየቅኋት።

"እትዬ ሾዴ ለምንድነው ሁልጊዜ መጨረሻ የምትሆነው?"

"ስለምትፈልግ።"

"መጨረሻ መሆን የሚፈልግ ሰው አለ?"

"ጣሳውን አስተካክለሽ ያዢ፤ ይደፋብሻል።"

እማዬ ስትዋሽ ሁልጊዜ የምይዘው ነገር ትሰጠኛለች። ስለዚህ እንደዋሸችኝ አወቅሁ። እትዬ ሾዴ ስኳር አግኝታ እንደማታውቅ፣ ሰውም ይህን እያየ ዝም እንደሚል ገባኝ። ጆንያውን ለዝናብ የምትለብሰው ይመስለኝ ነበር። ሸጎሌ በምትሸጠው ሻይ ውስጥ ያለው ስኳር ከየት እንደሚመጣ ራሴን የጠየቅሁበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

አሁን ሳስበው፣ ባዶ ጆንያ ቢወረወር ይንሳፈፋል እንጂ ሩቅ አይሄድም። ያ ጆንያ ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር።

የክፍል አስተማሪያችን ቲቸር ዓለምፀሐይ ናቸው። የፖለቲካ ትምህርትም የሚያስተምሩን እሳቸው ነበሩ። አንድ ዓርብ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ዓሣና ትናንሽ ዓሦች ሣሉ።

"ገበያ ለራሱ ከተተወ፣ ጉልበተኛው ይበላል፤ ደካማው ያያል" አሉ። "ነጋዴው ጤፉን ይደብቃል፣ ዋጋውን ይሰቅላል፣ ድሃው ከኋላ ይቀራል። ታዲያ መሐል የሚገባው ማነው?"

"መንግሥት!" አልን በአንድ ድምፅ።

"መንግሥትስ ማነው?"

"እኛ!"

ሌላው ልጅ ይህን ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ግን ቃሉ ውስጤ ቀረ። መንግሥት መሐል ይገባል፤ መንግሥት ደግሞ እኛ ነን። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ቄሱም "ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ" ብለው ሲያነቡ ሰምቼ ነበር። ቲቸርና ቄስ ከተስማሙ ምን ቀረ?

ደግሞም እትዬ ሾዴ ባለፈው ቅዳሜ አልመጣችም፤ ታማ ነበር። በሳምንቱ መሐል እትዬ ሳቢት ግቢ ስገባ ከጎጆዋ በር ላይ ተቀምጣ አየኋት፤ ከስታ አንገቷ ረዝሟል። ስኳር ስላጣች ነው የታመመችው ብዬ ወሰንኩ።

ከዓርቡ ትምህርት ማግስት፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ሰው ሁሉ ድንጋዩን አስቀምጦ ወደ አዳራሹ ሄደ። እትዬ ሾዴም የእሷን መጨረሻ ላይ አኑራ ከኋላ ከኋላ ተከተለች። ከሱቁ ፊት እኔና ድንጋዮቹ ብቻ ቀረን።

ድንጋዩን ስነቅለው ከሥሩ እርጥብ አፈርና አንድ ትል አብሮ መጣ። ከብዶኛል። ሆዴ ላይ አስደግፌ፣ ሦስት ጊዜ አርፌ፣ ከእትዬ ሳቢት ጀበና፣ ከእኛ ሙቀጫ፣ ከሁሉም አልፌ መስኮቱ ሥር አደረስኩት። ከአቶ መሸሻ ጡብ ፊት አስቀመጥኩት። ቀሚሴ ጭቃ ሆኗል። ያን ዕለት የተሰማኝን ኩራት ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ዲፕሎማ አላገኘሁትም።

ስብሰባው ሲያልቅ ሰዉ ብቻውን አልመጣም። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የተላከ ተቆጣጣሪ አብሮ ነበር፤ ካኪ የለበሰ፣ ጫማው የጸዳ ሰው። በየቀበሌው እየዞረ የኅብረት ሱቆችን ያያል ተባለ። ከኋላው የቀበሌው ጥበቃ ታረቀኝ ጠመንጃውን አንግቶ ይከተላል።

መጀመሪያ የጮኹት አቶ መሸሻ ናቸው።

"ይኼ የማን ነው? ከኔ ጡብ ፊት ማን ነው ያስቀመጠው?"

"ጡብዎ ደክሞት ወደ ኋላ ተንሸራቶ ይሆናላ!" አሉ እትዬ ሳቢት። ሰው ሳቀ።

እትዬ ሾዴ ከኋላ እየሮጠች መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ያ ዋቃዮ! አምላኬ! የኔ ነው፣ የኔ ነው፤ ተሳስቶ ነው። አሁን አነሣዋለሁ" ብላ ድንጋዩን ታቅፈው ጀመር።

ተቆጣጣሪው እጇን ያዘ።

"ተይው እናቴ። የት ልትወስጂው ነው?"

"ወደ ኋላ ነው ጌታዬ። እኔ ኋላ ነኝ።"

"ጌታዬ የሚባል ቀርቷል። ጓድ ነው የሚባለው።"

"እሺ ጌታዬ።"

እንደገና ሳቅ ሆነ። ተቆጣጣሪውም ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሮ ንግግር አደረገ። ድሮ እንዲህ ያለች እናት ከኋላ ትገፋ እንደነበር፣ ሀብታሙ ስኳሩን መጋዘን ቆልፎ ዋጋ ይጠብቅ እንደነበር፣ አሁን ግን መንግሥት ለሁሉም እኩል በሚዛን እንደሚያከፋፍል ተናገረ። የቲቸር ዓለምፀሐይ ትምህርት ነበር፤ ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ሰው አጨበጨበ። እኔ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። እትዬ ሾዴ ብቻ አላጨበጨበችም፤ ድንጋዩን እያየች ነበር። ብዙ ዘመን ተገፍታ ፊት መቆም አስፈርቷት ነው አልኩ በልቤ።

"በይ እናቴ፣ ካርድሽን አምጪ" አላት።

እሷ ወደ መስኮቱ አየች።

"የራሽን ካርድሽን።"

ጋሼ መዝገቡ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። "እኔ ጋ ነው ጓድ። ጎጆዋ ስለሚያፈስ እንዳይበሰብስባት አስቀምጬላታለሁ።"

ገብቶ ቆየ። ውስጥ ሣጥን ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። ካርድ ይዞ ወጣና ሰጠ። ተቆጣጣሪው ገልጦ አነበበ፤ ቀና ብሎ ጋሼ መዝገቡን አየ፤ እንደገና አነበበ።

"ይኼ የራስህ ካርድ ነው።"

"እንዴ... ተሳስቼ ነው።"

"የሷስ?"

ተቆጣጣሪው ወደ ሰልፉ ዞረ። "ይህች ሴት ካርድ አላት? የቀበሌያችሁ ነዋሪ ናት?"

ያ ሁሉ ሰው፣ ስለ አንድ ስንዝር ቦታ የሚጨቃጨቅ ሰው፣ መሬት መሬት ያያል። እኔ ግን መልሱን አውቀዋለሁ። ጋሼ መዝገቡ የእትዬ ሾዴን ካርድ ደብቆታል፤ ድርሻዋን ራሱ ይበላል፤ ለእሷ ጆንያ ይወረውራል። እንዴት እስከዛሬ አልታየኝም?

"ደብቆባት ነው!" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። "ሁልጊዜ መጨረሻ ያደርጋታል! ስኳር አይሰጣትም፤ ጆንያውን ብቻ ነው የሚሰጣት! ድንጋዩን ያመጣሁት እኔ ነኝ!"

የእማዬ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። አልቆነጠጠችኝም፤ አጥብቃ ያዘችኝ ብቻ።

"ጎበዝ!" አለ ተቆጣጣሪው ራሴን እየዳሰሰ። "ስምሽ ማነው?"

"ጽጌረዳ።"

"ጓድ ጽጌረዳ። የምን ጆንያ ነው የሚሰጣት?"

ይህን ሲል ጋሼ መዝገቡ ዓይኑን ጨፈነ። ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ሾዴ ታማ ስለቀረች፣ ጆንያዋ አፉ በቃጫ ታስሮ ከባንኮኒው ሥር ይጠብቃት ነበር። ታረቀኝ ገብቶ አወጣው። ተቆጣጣሪው መሬት ላይ ጋዜጣ አስነጠፈና የጆንያውን አፍ ፈቶ ዘቀዘቀው።

ስኳር ወረደ። ትንሽ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ግን ወረደ፣ ወረደ። ከጋዜጣው ዳር ተርፎ አፈሩ ላይ ፈሰሰ።

"ከማን ነው የተሰረቀው?" አለ ተቆጣጣሪው። "ከእናንተ እኮ ነው! ከየአንዳንዳችሁ ሚዛን ላይ እየቀነሰ ነው! ማን ነው የጎደለበት? ይናገር!"

አቶ መሸሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ ጡባቸው ያን ያህል የጮኹት ሰውዬ ናቸው።

"እኔ የጎደለብኝ የለም" አሉ።

"እኔም አልጎደለብኝም" አሉ እትዬ ሳቢት።

"እኔም" አለች እማዬ ከበላዬ።

አንድ በአንድ እንዲህ እየተባለ እስከ ቦዩ ድረስ ሄደ። እኔ ተደናገርኩ። ስኳሩ እዚያ መሬት ላይ እያለ፣ እናቴ በጠራራ ፀሐይ ትዋሻለች፤ በዚያ ላይ የምይዘው ነገር እንኳን አልሰጠችኝም። ጋሼ መዝገቡን ፈርተውት ነው አልኩ። ግን ማን ጋሼ መዝገቡን ይፈራል?

"አድርባዮች!" አለ ተቆጣጣሪው። "ውሰደው!"

ታረቀኝ እዚያው ሰፈር ያደገ ልጅ ነው፤ የእናቱም ድንጋይ ሰልፉ ውስጥ ነበር። ጋሼ መዝገቡን ክንዱን ይዞ ወሰደው። ገመድ አላወጣም። "ይቅደሙ ጋሼ" ሲለው ሰምቻለሁ።

ለእትዬ ሾዴ ሦስት ቀን ተሰጣት። ከመጣችበት የገበሬ ማኅበር መሸኛ ደብዳቤ ካላመጣች ቀበሌውን ትለቃለች። መሸኛ አልነበራትም። ባሏ ሲሞት በመሬቱ ከወንድሞቹ ጋር ተጣልታ፣ ማንንም ሳትሰናበት ነው የመጣችው። መሸኛ የሌለው ሰው አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ ካርድ የለውም፤ ካርድ የሌለው ደግሞ በመንግሥት ዋጋ ስኳር አይገዛም። ከሰልፉ ውጪ ያለው ስኳር ዋጋ ሰማይ ነው፤ በእሱ አፍልታ ሻይ ብትሸጥ አንድ ስኒ አታተርፍም። ስለዚህ በየቅዳሜው መጨረሻ ላይ ትቆማለች፤ ጋሼ መዝገቡ ከእያንዳንዱ ቤት ስኳር ላይ ጥቂት ጥቂት ያስቀራል፤ የቀረው ጆንያው ጥግ ላይ ይጠራቀማል። ይህን ሰልፉ በሙሉ ያውቃል። የማያውቁት ከተቆጣጣሪው ሌላ የሰፈሩ ልጆች ብቻ ነበሩ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከውጭ ተመልሼ ነው። እማዬ ስትነግረኝ እንደ ትንሽ ነገር ነበር የምትነግረኝ። "ሁላችንም እናውቅ ነበር እኮ። ማን ይናገራል?"

"ማን ወሰነው? ከእያንዳንዱ ሰው ይህን ያህል ይቀነስ ብሎ?"

"ማንም።"

"እሺ ካልተወሰነ፣ አልፈልግም ያለ ሰው ቢኖርስ?"

"አንቺ ደግሞ!" አለችኝ።

ልጅነቴን በዚያ ቀን ምክንያት ጎበዝ ተብዬ ነው ያለፍኩት። ቀበሌው ንቁ ልጅ ናት ብሎ ስሜን ያዘ፤ አሥራ ሁለተኛን ስጨርስም የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ወደ ቡልጋሪያ ሄጄ ምጣኔ ሀብት ተማርኩ። በመጀመሪያው ዓመት ገበያ እንዴት እንደሚሳሳት፣ መንግሥት ለምን መሐል መግባት እንዳለበት አስተማሩን። በሁለተኛው ዓመት መንግሥታቸው ወደቀ፤ መጽሐፉም ተቀየረ። መንግሥት መሐል ሲገባ እንዴት እንደሚሳሳት አስተማሩን። መምህሩ ያው ሰውዬ ነበር። ሁለቱንም ፈተና ጥሩ ውጤት አምጥቼ አልፌያለሁ።

ጋሼ መዝገቡ ዘጠኝ ወር ታስሮ ተፈታ። ስመለስ አርጅቶ አገኘሁት፤ የአንድ ግቢ ዘበኛ ሆኗል። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የሄድኩት፤ አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው።

"ጋሼ፣ ከየሰዉ ምን ያህል ነበር የምትቀንሰው?"

"እኔ እንጃ ልጄ። መዝኜው አላውቅም።"

"ለምን?"

"መዝኜው ቢሆን ሌብነት ይሆን ነበራ።"

በዚያ ደስ ብሎኝ ስመለስ አቶ መሸሻን መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ ነገርኳቸው። በጥርጣሬ ሳቁ። "ጎሽ! እሱ ቤት ሻይ ጠጥተሽ ታውቂያለሽ? ማር ነበር። ለሾዴ የሰጠውን ሰጥቷል፤ ለራሱም የወሰደውን ወስዷል።"

"ታዲያ ለምን ያን ቀን የጎደለብኝ የለም አሉ?"

"ምን ልበል ታዲያ?" አሉኝ።

የቱን ልመን? ተቆጣጣሪው ውሸታም አልነበረም፤ ስኳሩ በእውነት ከሰው ድርሻ ላይ የተቀነሰ ነው። ሚዛን የሚያዛባ ባለሱቅ በሁሉም ሰፈር ነበር፤ አብዛኞቹም እንደ እትዬ ሾዴ ላለ ለማንም አልሰጡም። እሱን የሚይዝ ሕግ መኖር አለበት። እትዬ ሾዴም ሻይ መሸጥ ነበረባት። እነዚህን ሁለቱን አብሬ ለመያዝ ስሞክር አንዱ ከእጄ ያመልጣል።

እትዬ ሾዴ ሦስቱን ቀን አልጠበቀችም። ሰኞ ጠዋት ማንቆርቆሪያዋን ከጀርባዋ አስራ በበራችን ስታልፍ አየሁዋት። እየሮጥኩ ወጣሁ። ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር። ቆመችና ጉንጬን በሻካራ መዳፏ ያዘችው።

"አይዞሽ ልጄ" አለችኝ።

ያመሰገነችኝ መሰለኝ። ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ፣ በባሕር ዛፎቹ መሐል እስክትሰወር እጄን አወዛወዝኩላት። ካርዷን ልታመጣ ነው የምትሄደው፤ ቅዳሜ ትመለሳለች ብዬ አምን ነበር። ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። ሱሉልታ ናት ያለኝ ሰው አለ፤ ሞታለች ያለኝም አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መስኮቱ ውስጥ አዲስ ባለሱቅ ነበር፤ ወጣት፣ ዝምተኛ። የሚዛኑ መርፌ እስኪቆም ድረስ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። አንድ ፍሬ ቢበዛ ያነሣል፣ ቢጎድል ይጨምራል። ከዚያ ሰልፍ ማንም አልቀለደም። ባዶዎቹ ጆንያዎች ተራግፈው፣ ተቆጥረው፣ ወደ ቀበሌው ተመለሱ።

እኛ ቤት የደረሰው ስኳር ሙሉ ነበር። እማዬ ጠረጴዛው ላይ ጣሳውን አስቀምጣ ትንሽ አየችው። ከዚያ ማንኪያ አንሥታ ከላዩ ጥቂት ዘገነች፤ ማንኪያውን አየር ላይ እንደያዘች ቆመች። ወደ በሩ አየች። ወደ ጣሳው አየች። የት እንደምታደርገው ጠፋት።

እኔ ለኔ መስሎኝ አፌን ከፈትኩ።